በጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ቀላል የደን ውስጥ የዙር ጉዞ፦ ለጎብኚዎች የተዘጋጀ መረጃ

በከተማ ክልል ውስጥ የሚገኝ ደን ለነዋሪዎች ከሚሰጣቸው አገልግሎቶች አንዱ፣ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ በእግር ተጉዞ የመዝናናት፣ የመማርና ጤናን የመጠበቅ ዕድል ነው። ይህ መረጃ በአዲስ አበባ በሚገኘው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል የግማሽ ቀን የእግር ጉዞ ለማድረግ ለሚያስቡ ዜጎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ የአካባቢውን ተፈጥሮ፣ የጉዞውን ዝግጅትና ከጎብኚው የሚጠበቀውን ጥንቃቄ ያብራራል። ቀላል የሚባል መንገድ ለተጓዡም ሆነ ለደኑ ቀላል ሆኖ የሚዘልቀው፣ ጎብኚው የቦታውን ከፍታ አክብሮና ከተዘጋጀው መንገድ ሳይወጣ ሲጓዝ መሆኑን ከወዲሁ መገንዘብ ያስፈልጋል።

ስለ ማዕከሉ

የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ነው። ከመዲናዋ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በእንጦጦ ተራራ ሰንሰለት ምዕራባዊ ክፍል፣ በጉለሌና በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተሞች ይገኛል። ስፋቱ 705 ሄክታር ገደማ ነው። ዝቅተኛው ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚጀምር ሲሆን፣ ከፍተኛው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። የአገሪቱን ዕፅዋት መንከባከብ፣ ምርምር፣ ትምህርትና የተፈጥሮ ቱሪዝም ከማዕከሉ ዋና ዋና ዓላማዎች መካከል ናቸው።

ቦታው የሚገኝበት የእንጦጦ ሰንሰለት የሁለት ታላላቅ ተፋሰሶች ወሰን ነው። በሰንሰለቱ ደቡባዊ ገጽታ ላይ የሚጥለው ዝናብ ከተማዋን አቋርጦ በትንሹና በትልቁ አቃቂ ወንዞች በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። በሰሜናዊው ገጽታ ላይ የሚጥለው ደግሞ ወደ ዓባይ ተፋሰስ ያመራል። በመሆኑም በተራራው ላይ ያለው ደን ይዞታ፣ በግርጌው ባለችው ከተማ ከሚደርሰው ጎርፍና በወንዞቿ ከሚወርደው ደለል ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

የዙር መንገድ ምንነት

የዙር መንገድ መነሻውና መድረሻው አንድ የሆነ የእግር መንገድ ነው። ተጓዡ በሄደበት አይመለስም፤ ደኑን ዞሮ ከተነሣበት በር ይደርሳል። ይህ ዓይነቱ መንገድ ሦስት ጥቅሞች አሉት። አንደኛ፣ የተለያየ ዕፅዋትና መልክዓ ምድር ለማየት ያስችላል። ሁለተኛ፣ መውጫና መግቢያው አንድ በመሆኑ የጎብኚዎችን መመለስ ለመከታተል ይመቻል። ሦስተኛ፣ የሚሄደውና የሚመለሰው ተጓዥ በጠባብ መንገድ ላይ ስለማይገፋፋ የመንገዱ ዳርቻ አይረገጥም።

ይሁን እንጂ የዙር መንገድ አንድ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ተጓዡ ከግማሽ መንገድ በኋላ ቢደክም ወደ ኋላ መመለሱ ወደ ፊት ከመቀጠል አያሳጥርም። ስለዚህ የድካምና የአየር ጠባይ ሁኔታን መገምገም የሚገባው የመጀመሪያው ሩብ ላይ እንጂ የመንገዱ አጋማሽ ላይ አይደለም።

የጉዞውን ጊዜ እንዴት መገመት ይቻላል?

ጎብኚው በመግቢያው በር የመረጠውን መንገድ ርዝመትና የዳገቱን መጠን ጠይቆ መረዳት ይኖርበታል። በሜዳማ መንገድ ላይ ጤናማ አዋቂ ሰው በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል ተብሎ ይታሰባል። በዚህ ላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ዳገት 10 ደቂቃ ይጨመራል። ለምሳሌ 4 ኪሎ ሜትር ርዝመትና በድምሩ 150 ሜትር ዳገት ያለው መንገድ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይፈጃል ማለት ነው። ዕፅዋትን እያዩ፣ እያረፉና ልጆችን ይዘው ለሚሄዱ ግን ይህን ጊዜ በእጥፍ ማስላት ተገቢ ነው።

ከፍታው በሰውነት ላይ የሚያስከትለው ለውጥ

በ2,700 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ከፍታውን የለመዱ ቢሆኑም፣ ከቆላማ አካባቢዎች ወይም ከውጭ አገር በቅርቡ የመጡ እንግዶች ግን ቀላል ዳገት ላይ ቶሎ ሊያለከልኩ፣ ራስ ምታትና የልብ ትርታ መጨመር ሊሰማቸው ይችላል። እንዲህ ያሉ እንግዶች ወደ ደኑ ከመምጣታቸው በፊት በከተማዋ አንድ ወይም ሁለት ቀን ዕረፍት ቢያደርጉ ይመረጣል።

ለሁሉም ተጓዥ የሚያገለግል ቀላል መመዘኛ አለ። ዳገት እየወጣ ሳይቆራረጥ መነጋገር የሚችል ሰው ፍጥነቱ ተገቢ ነው፤ ንግግሩ በትንፋሽ የሚቋረጥበት ሰው ግን እርምጃውን መቀነስ አለበት። መፍዘዝ፣ ማቅለሽለሽ ወይም እየበረታ የሚሄድ ራስ ምታት የሚሰማው ጎብኚ ቁጭ ብሎ ማረፍ፣ ውኃ መጠጣትና ካልተሻለው ወደ ዝቅተኛው ቦታ መውረድ ይገባዋል። የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለባቸው ሰዎችና ነፍሰ ጡር እናቶች ከመሄዳቸው በፊት የሚከታተላቸውን የጤና ባለሙያ ማማከር ይኖርባቸዋል።

የፀሐይ ጨረርም ከከፍታ ጋር ይበረታል። አየሩ ቀዝቃዛ መሆኑ ተጓዡን ሊያዘናጋው ስለሚችል፣ ባርኔጣ ወይም ነጠላ ራስ ላይ ማድረግ ይመከራል። በሌላ በኩል የአየሩ ሙቀት በየ100 ሜትሩ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከደኑ ግርጌ ምቹ የነበረው አየር ከላይ ሊበርድ ይችላል።

በመንገድ ላይ የሚታየው ደን

ጎብኚው ደኑ በሙሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ልብ ሊለው ይገባል። በሰንሰለቱ ላይ የባሕር ዛፍ ተክልና የአገር በቀል ዛፎች ደን ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ ሁለቱን ለይቶ ማየት የጉዞው ዋና ትምህርት ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ፣ ለቤት ሥራና ለማገዶ የሚፈለገው እንጨት በዙሪያዋ የነበረውን ደን አመናመነው። የእንጨት ችግሩ ከመበርታቱ የተነሣ ዋና ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ በፍጥነት በማደጉና ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ በማቆጥቆጡ የከተማዋን የእንጨት ፍላጎት ሊያሟላ ቻለ። ስለሆነም ባሕር ዛፍ በከተማዋ ታሪክ ውስጥ ባለውለታ ነው። ሆኖም በጥቅጥቅ ተክሉ ሥር ሌላ ዕፅዋት እምብዛም ስለማይበቅል፣ መሬቱ ለዝናብ ምት የተጋለጠ ይሆናል። የአገር በቀል ዛፎችን መልሶ የማልማት ሥራ አስፈላጊ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በከፍተኛ ቦታ በሚገኝ የአገራችን ደን ውስጥ ተጓዡ ሊለያቸው የሚችላቸው ዋና ዋና ዕፅዋት የሚከተሉት ናቸው፦

ባሕር ዛፍ፦ የለጋው ቅጠል ሰፊና ሰማያዊ አመድ መልክ ያለው ሲሆን፣ የትልቁ ዛፍ ቅጠል ረጅም፣ እንደ ማጭድ የጎበጠና ወደ ታች የተንጠለጠለ ነው። ቅርፊቱ በረጃጅሙ እየተላጠ ይወድቃል።

ጽድ፦ ለጋው ቅጠሉ እንደ መርፌ የሾለ ሲሆን፣ ሲያድግ ቅጠሎቹ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርበው ቅርንጫፉን ይሸፍናሉ። ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ የሚገኙ ናቸው፤ ሰማያዊ መሳይ ፍሬ የሚታየው በሴቴዋ ላይ ነው። እንጨቱ ምስጥ ስለማይደፍረው ለቤት ምሰሶና ለአጥር ሲመረጥ ኖሯል።

ወይራ፦ የቅጠሉ ላይኛው ገጽ ጥቁር አረንጓዴና የሚያብረቀርቅ፣ የታችኛው ደግሞ ወርቃማ ቡኒ ወይም ነጣ ያለ ነው። ጭሱ የወተት ዕቃና የጠላ ጋን ለማጠን የሚፈለገው ይኸው ዛፍ ነው። በዝግታ የሚያድግ በመሆኑ አንድ ጊዜ ከተቆረጠ ለመተካት የሰው ዕድሜ ያህል ይወስዳል።

ኮሶ፦ ትልልቅ ድርብ ቅጠሎች ያሉትና አበባው በዘለላ የሚንጠለጠል የከፍተኛ ቦታ ዛፍ ነው። ቀላ ያለው የሴቴዋ አበባ በባህላዊ ሕክምና የኮሶ ትል ማስወጫ ሆኖ ቆይቷል፤ መጠኑ ካለፈ ግን ስለሚመርዝ ጎብኚዎች ቆርጠው ሊጠቀሙበት አይገባም።

ጥቁር እንጨት፦ ቅጠሉ ሲታሽ የመራራ ለውዝ ሽታ አለው። ቅርፊቱ በዓለም ገበያ ለመድኃኒትነት ስለሚፈለግ፣ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል።

ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ደግሞ ነጭ አበባና ቀይ ፍሬ ያለው ቀጋ፣ መዓዛማ ነጭ አበባ የሚያወጣው አጋም፣ ክትክታና ጦስኝ ሊታዩ ይችላሉ። የሳማ ቅጠል ቆዳን ስለሚለበልብ፣ በተለይ ልጆች ያልታወቀ ቅጠል በእጃቸው እንዳይነኩ መንገር ያስፈልጋል።

አእዋፍና የዱር እንስሳት

በእንጦጦ ሰንሰለት ደኖች ትዕግሥት ላለው ጎብኚ ብዙ አእዋፍ ይታያሉ። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለውና መንቁሩ እጅግ የወፈረው ቁራ በቀላሉ ይለያል። ሌላው ክንፎቹ ጥቁር የሆኑት ትንሹ አረንጓዴ በቀቀን ነው። የወንዱ ግንባር ቀይ ሲሆን፣ የተፈጥሮ መኖሪያው የኢትዮጵያና የኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች ናቸው። አእዋፍን ለማየት የተሻለው ጊዜ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ናቸው። ድኩላና ሚዳቋ ደግሞ ጫጫታ ሲሰሙ ስለሚሸሹ፣ የሚታዩት በጸጥታ ለሚጓዝ ነው።

በእንጦጦ አካባቢ ጅብ ይኖራል። ጅብ ቀን ቀን ተደብቆ የሚውልና ሌሊት የሚንቀሳቀስ እንስሳ ስለሆነ፣ በተፈቀደው ሰዓት የሚጓዝ ጎብኚ ሥጋት ሊያድርበት አይገባም። ይሁንና ምግብ በደን ውስጥ ጥሎ መሄድ የዱር እንስሳትን ወደ ሰው መንገድ ያስለምዳል፤ የተረፈ ምግብም ሆነ የፍራፍሬ ልጣጭ ተመልሶ መወሰድ አለበት።

ከመንገድ መውጣት የማይገባው ለምንድን ነው?

ከተዘጋጀው መንገድ አንድ እርምጃ መውጣት ጉዳት የሌለው ሊመስል ይችላል። ጉዳቱ የሚታየው የአንዱ ዱካ ለሌላው መንገድ ሲሆን ነው። በተደጋጋሚ የተረገጠ አፈር ይጠጥራል፤ የጠጠረ አፈር ውኃ አያሰርግም። የክረምቱ ዝናብ ወደ ውስጥ መግባቱ ቀርቶ በዱካው ላይ ይወርዳል፣ አፈሩን ይዞ ይሄዳል፣ ዱካውም ውሎ አድሮ ቦይ፣ ቦዩም ፈረፈር ይሆናል። ጠመዝማዛውን መንገድ ትቶ ቁልቁል ማቋረጥ ይህን ጉዳት ያፋጥነዋል፤ መንገዱ የተጠማዘዘው የውኃውን ፍጥነት ለመቀነስ ጭምር ነውና።

ሁለተኛው ምክንያት ችግኞቹ ናቸው። የጽድና የወይራ ችግኝ ለዓመታት ከሣር ብዙም ሳይለይ መሬት ላይ ይቆያል። ጎብኚው ሣር የረገጠ መስሎት የነገን ዛፍ ሊረግጥ ይችላል። በሺዎች የሚቆጠር ችግኝ የመትከል ድካም ውጤት የሚያመጣው የተተከለው ሲጸድቅ ብቻ መሆኑን ሁሉም ዜጋ ያውቃል። በመንገዱ መካከል መሄድ ደግሞ ቆፍሮ መትከል ያልቻለ ሰው ሁሉ ሊያበረክተው የሚችል አስተዋጽኦ ነው።

በመሆኑም መንገዱ ሲጨቀይ ዳር ዳሩን ከመሄድ ይልቅ በመካከሉ ማለፍ፣ ይህ የማይቻል ከሆነም ጉዞውን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ይመከራል።

ለጉዞ የሚመረጥ ወቅትና ሰዓት

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ መንገዱ የደረቀና ሰማዩ የጠራ በመሆኑ ለጀማሪዎች ተስማሚ ነው፤ ንጋቱ ግን ይበርዳል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ አልፎ አልፎ የበልግ ዝናብ ሊኖር ይችላል። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባለው የክረምት ወቅት ደኑ እጅግ ለምለም ቢሆንም፣ መንገዱ ያንሸራትታል፤ ነጎድጓድና በረዶም ከቀትር በኋላ ይበዛል። መብረቅ ባለበት ሰዓት ለብቻው ከቆመ ረጅም ዛፍ ሥር መጠለልና በገላጣ ጉብታ ላይ መቆም አደገኛ ነው።

ጉዞ ለመጀመር የሚመረጠው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በአዲስ አበባ ፀሐይ የምትጠልቀው በዓመቱ ውስጥ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ቶሎ ይወድቃል፤ በደን ውስጥ ደግሞ ይቀድማል። ስለሆነም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ አዲስ ዙር መጀመር አይመከርም። የማዕከሉ የመግቢያ ሰዓትና የክፍያ መጠን ሊሻሻል ስለሚችል፣ ጎብኚዎች ከመነሣታቸው በፊት የዕለቱን መረጃ ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።

ከቤት ይዞ መውጣት የሚገባው

ለአጭር የደን ጉዞ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። የሚከተሉት በቂ ናቸው፦

1. ሶሉ ያላለቀና እግርን አጥብቆ የሚይዝ ሸራ ወይም ቆዳ ጫማ፤
2. ለአንድ ሰው ቢያንስ 1 ሊትር ውኃ፤
3. እንደ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ወይም ሙዝ ያለ ቀላል ስንቅ፤
4. ሹራብና፣ በዝናብ ወቅት የዝናብ ልብስ፤
5. ባትሪው የተሞላ ስልክ፣ የቁስል ማሰሪያና የሚወሰድ መድኃኒት ካለ እርሱ፤
6. ቆሻሻን ይዞ መመለሻ ከረጢት።

ከልጆች፣ ከአረጋውያንና ከአካል ጉዳተኞች ጋር ሲጓዙ

ልጆች በሚኖሩበት ጊዜ አንድ አዋቂ ከፊት፣ ሌላ አዋቂ ከኋላ ሆኖ መሄድና በየመታጠፊያው መቁጠር ያስፈልጋል። ልጅ ቢጠፋ ባለበት ቦታ ቆሞ እንዲጣራ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ለአረጋውያን ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ጉልበትን ስለሚፈትን፣ ምርኩዝ መያዝና እርምጃን ማሳጠር ይረዳል። የደን መንገድ ሥርና ድንጋይ የሚበዛበት በመሆኑ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ ወይም የማየት ችግር ያለባቸው ጎብኚዎች የትኛው የመንገድ ክፍል እንደሚመቻቸው በመግቢያው በር ለሚገኙ ሠራተኞች ነግረው ድጋፍ መጠየቅ ይችላሉ።

በደን ውስጥ ሊከበሩ የሚገባቸው ደንቦች

እሳት ማንደድና የሲጋራ ቁራጭ መጣል የተከለከለ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ያለው በመሆኑ፣ በተለይ በበጋ ወራት ትንሽ ፍም ከባድ ቃጠሎ ሊያስነሣ ይችላል። አበባ መቅጠፍ፣ ቅርፊት መላጥ፣ በዛፍ ግንድ ላይ ስም መቅረጽና እንስሳትን መመገብም አይፈቀድም። ድሮን ለማብረር ከሚመለከተው የመንግሥት አካል ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል።

በእንጦጦ ተራራ አካባቢ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ለብዙ ዓመታት የከተማዋን ማገዶ በጀርባቸው ሲያወርዱ የኖሩ ናቸው። በተራራው መንገዶች ላይ እንዲህ ያለ ሸክም የያዘ ሰው ያጋጠመው መንገደኛ ዳር ይዞ ቆሞ ማሳለፍ ይገባዋል። ሸክም የያዘ ሰው ቁልቁለት ላይ በቀላሉ መቆም አይችልምና። ያለ ፈቃድ ፎቶግራፍ ማንሣትም ነውር ነው።

ድንገተኛ ችግር ሲያጋጥም

መንገድ የጠፋው ጎብኚ አቋራጭ ከመፈለግ ይልቅ ወደሚያውቀው የመጨረሻ ምልክት መመለስ፣ ይህ ካልሆነለት ባለበት ቆሞ እርዳታ መጠየቅ አለበት። እግሩ የተጎዳ ሰው ሳይንቀሳቀስ እንዲቆይ ተደርጎ፣ ከአጃቢዎቹ አንዱ አብሮት ሊቆይ ይገባል። በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የእሳትና የአደጋ ጊዜ አገልግሎት በ939፣ ፖሊስ በ991 ይገኛሉ። በሚደወልበት ጊዜ የገቡበትን በር፣ የያዙትን የመንገድ አቅጣጫና ከመነሻው ከተነሡ ያለፈውን ጊዜ መግለጽ ረዳቶች ቶሎ እንዲደርሱ ያግዛል።

ማጠቃለያ

ከመነሣት በፊት ሰዓትና መንገድን ማረጋገጥ፣ የሚሄዱበትን ቦታና የሚመለሱበትን ሰዓት ለቤተሰብ መንገር፣ በዝግታ መውጣት፣ በመንገዱ መካከል መሄድ፣ የያዙትን ቆሻሻ ይዞ መመለስና ከምሽቱ በፊት መውጣት ከእያንዳንዱ ጎብኚ የሚጠበቁ ናቸው። ዙሩን የጨረሰ ተጓዥ ከበሩ ሲደርስ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ሰው መንገዱን እንዳገኘው ትቶት ከሆነ፣ የማዕከሉን አገልግሎት በሚገባ ተጠቅሟል፤ ለአገልግሎቱ ቀጣይነትም የድርሻውን ተወጥቷል።